ልጆቹን ወፍ ያደረገችው ሴት

«እሷማ አልወለደቻቸው! ምን ታደርጋለች? ትንሽ ታለቅስና ይወጣላታል።»

ደመቀች ይህን የሰማችው በአሲያ ሱቅ ውስጥ፣ ከዘይት ጀሪካኖቹ ኋላ ጎንበስ ብላ ሳለች ነው። የአሲያ ሱቅ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ ሰበታ ዋና መንገድ ይወጣል፣ ሌላው ተከራዮች ወደሚኖሩበት ግቢ ይገባል። ደመቀች እንደ ልማዷ በግቢው በር ገብታ ለምሳ የሚሆን የቲማቲም ድልህ ስታነሳ ነበር። ተናጋሪዋ ደግሞ በመንገዱ በኩል በረንዳው ላይ ዝናብ ተጠልላ፣ ጀርባዋን ለሱቁ ሰጥታ፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቆማለች። ብርሃነሽ ናት፤ የልጆቹ አክስት። «አዎ እውነቱ፣ ምዝገባውን ጨርሻለሁ» ትላለች ቡራዩ ላለው ባሏ ለእውነቱ። «ሁለቱንም እኔ የማስተምርበት ነው ያስገባኋቸው። እሷን ለክረምት ብቻ ነው ብለናታል። አንዴ መስከረም ከጠባ ማን ይመልሳል?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ብርሃነሽ ግን ያወጣችው ነገር ማን ጆሮ ላይ እንዳረፈ ሳታውቅ ስልኳን ዘግታ፣ የቀሚሷን ጫፍ ከጭቃው ሰብስባ በትልቁ የግቢ በር ዞራ ገባች። አሲያ ባንኮኒው ኋላ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ደመቀች ቀና ብላ የድልሁን ጣሳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና «ስንት ነው?» አለች፤ በየሳምንቱ የምትገዛውን። አሲያ ጣሳውን መልሳ እጇ ላይ አደረገችላትና ጣቶቿን ከነጣሳው ጨብጣ ያዘቻት። «ሂጂ፣ ዛሬ ስንት የሚባል ነገር የለም» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዝም እንዳትዪ ብቻ።»

ዝም ማለት ግን የደመቀች ሙያ ነበር። ከወላይታ መጥታ ክር ፋብሪካ የገባች ጊዜ ማሽኑ ስለሚጮህ ሴቶቹ በዓይን ነበር የሚያወሩት፤ ከዚያ ወዲህ አፏን መክፈት የሚከብዳት ሴት ሆና ቀረች። የልጆቹ አባት ዳና ደመቀችን ያገባት፣ የመጀመሪያ ሚስቱ ፀሐይ ጣቢታን ስትወልድ ከሞተች በኋላ ነው። የጣቢታ ታላቅ ወንድም አዶናይ ያኔ እንደ ነገሩ የሚራመድ ልጅ ነበር፤ ጣቢታ ጡጦ ላይ ነበረች። ጣቢታ አፏን የፈታችው ደመቀችን «እማዬ» ብላ ነው፤ ሌላ እናት እንደነበራት የነገራትም የለም። ባለፈው ጥቅምት ዳና ከሚሠራበት ሕንፃ ላይ ወደቀ። ቤት ውስጥ የቀረው ቢጫ የራስ ቆቡ ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ጣቢታ ወንበር ላይ ወጥታ አንዳንዴ ትደፋዋለች፤ ማንም አይቆጣትም።

እና ይህች ዝምተኛ ሴት፣ ትምህርቷ ከአራተኛ ክፍል ያልዘለለ፣ ተረት ነጋሪ የሆነችው በብርሃነሽ ምክንያት ነው። ለፋሲካ ልጆቹን ልታይ ስትመጣ ከትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት የተረፈ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ይዛላቸው መጣች። ካርቶን ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ የተፋቀ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአየርላንድ ተረት ነው። አዶናይ ሽፋኑ ላይ ያለውን ፊደል ቆጥሮ «አየርላንድ» ብሎ ሲያነብላት፣ ጣቢታ ከአየር ጤና ቀጥሎ ያለ ፌርማታ መስሏት ነበር፤ እስከ ዛሬም ይመስላታል። ያን ዕለት ማታ ሁለቱም ፍራሹ ላይ ግራና ቀኝ ተቀመጡና መጽሐፉን ጭኗ ላይ አኖሩባት። ደመቀች እንግሊዝኛ አታውቅም። አላውቅም ማለት ደግሞ፣ እንዲያ አፋቸውን ከፍተው እያዩዋት፣ አልሆነላትም። ሥዕሉን አየችና ጀመረች።

በሥዕሉ ላይ አራት ልጆች ከሐይቅ ዳር ቆመዋል። ከኋላቸው ረጅም አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ሴት ቀጭን ዱላ ይዛለች፤ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ በመዳፏ አፏን ሸፍናለች። ከርቀት በመንገዱ ላይ ፈረሰኞች ይመጣሉ። ቀጣዩ ገጽ ላይ ልጆቹ የሉም፤ አንገታቸው ረጃጅም የሆኑ አራት ነጫጭ ወፎች ከውሃው ላይ እየተነሱ ነው። ታዲያ ይህን አይቶ ምን ሊባል ይችላል? ደመቀች ጊዜ አልወሰደባትም። ሴትየዋ እናታቸው ናት፤ አፏን የያዘችው ልቅሶዋን ልትደብቅ ነው። ፈረሰኞቹ ልጆቿን ሊወስዱባት የሚመጡ ሰዎች ናቸው። እናትየዋ ሌላ አቅም ስላልነበራት በዱላዋ ራስ ራሳቸውን ነካች፣ ወፍ ሆኑ፣ በረሩ፣ ሰዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ማታ ማታ ወፎቹ መስኮቷን እያንኳኩ ይገቡና እራታቸውን ይበላሉ። «ምን ይበላሉ?» አለች ጣቢታ። «ማኮሮኒ» አለች ደመቀች፤ እሷም በራሷ ተገርማ።

ከዚያ ማታ ወዲህ ከፋብሪካ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ መጽሐፉ ይቀርብላታል። ፈረሰኞቹ ያሉበት ገጽ ላይ ሲደረስ ጣቢታ ከምድጃው አጠገብ ማማሰያውን አምጥታ ታቀብላታለች፤ ደመቀች የሁለቱንም ራስ ነካ ታደርጋለች፤ ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው ፍራሽ ለፍራሽ ይበራሉ፣ መጋረጃውን ይጥላሉ፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ተከራይ ግድግዳ ይደበድባል። የአዶናይ ፀጉር ውስጥ ስንት ቀን የሽሮ ርዝራዥ አግኝታ በጣቷ ለቅማለች። ዳና ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ የተሰማው በዚያ መጽሐፍ ነው።

አሁን ድልሁን ይዛ ስትገባ ብርሃነሽ የልጆቹን ልብስ በፌስታል ውስጥ እያጠፈች ነው። የክረምት ልብስ ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርማቸውንም፣ የክትባት ካርዳቸውንም ጨምራለች። ደመቀች ያንን አየችና ወደ ምድጃዋ ዞረች። ሽንኩርቱን ስትከትፍ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ልጆቹን በጓሮ በር አውጥቼ በሆሳዕና በሚያልፈው የወላይታ መኪና ብሳፈርስ? ከዚያስ እናቴ ቤት ደርሼ ምን ላበላቸው ነው? ከዚያ ደግሞ ሌላው ነገር ትዝ ይላትና ቢላዋውን ታስቀምጣለች። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ ካሳሁን እሷንና ብርሃነሽን ወደ ጓዳ ጠርተው ነበር። ልጆቹ ክረምቱን አክስታቸው ጋ ይሁኑ፣ አንቺም ሺፍትሽን ተረጋግተሽ ሥሪ አሏት፤ እሷም እሺ አለች። ጋሽ ካሳሁን እጃቸውን በሁለቱም ትከሻ ላይ ጭነው ረጅም ጸሎት ጸለዩ። «ልጆቹን ለወገናቸው እጅ አሳልፈን ስንሰጥ» የሚል ነገር መሐል ላይ ነበረ። እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ ቃሉን ሳትመረምር፣ በሙሉ ልቧ አሜን ብላለች። እነሱ ዘንድ ደግሞ ሽማግሌ እጁን ጭኖ የጸለየበትን፣ አሜን የተባለበትን ነገር ማፍረስ ከሰው ጋር መጣላት አይደለም፤ ከዚያ በላይ ነው።

ጋሽ ካሳሁን ለምሳ መጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ለተወሰነ ጊዜ ወሬ አያስፈልግም ነበር፤ ለሁሉም ዕረፍት ሆነላቸው። ማኮሮኒውን በሹካ እየወጉ ስለ ዋጋ ተነሳ። እንቁላል አንዱ ሃያ ብር መግባቱ፣ ቡራዩ ከሰበታ እንደሚብስ፣ እዚያ ግን ቢያንስ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ብርሃነሽ ተናገረች። ጋሽ ካሳሁን «ጌታ ያውቃል» አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው፤ ሦስቱም የሚያውቁትን ነገር መሐላቸው አስቀምጠው ዙሪያውን ይበላሉ። ልጆቹ ከአንድ ሳህን እየተሻሙ ነው። ደመቀች የራሷን ሳትነካ አስቀመጠችና ከየት እንደመጣ ባላወቀችው ድምፅ፣

«ለክረምት ነው አላላችሁኝም?» አለች።

ብርሃነሽ ሹካዋን አየች። ጋሽ ካሳሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ደመቀች ልጄ» አሉ፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ድምፃቸውም ክፉ አልነበረም። «አንቺ እኮ ገና ወጣት ነሽ። ነገ ትዳር ይመጣል። የሌሊት ሺፍት ሲደርስሽ ልጆቹ ከጎረቤት ጋር ያድራሉ። ልጅ ደግሞ ወደ ደሙ ነው።»

«እኔ ትዳር አልፈልግም። ሺፍት እቀይራለሁ። ጋሽ ካሳሁን፣ አንቱ ራስዎ ክረምት ብለው ነው የጸለዩት።»

«እኔ ወገናቸው እጅ ነው ያልኩት። አንቺም አሜን ብለሻል።»

«አላወቅኩም ነበር!»

«ደሜ» አለች ብርሃነሽ፤ ዓይኗ ሞልቷል። «እህቴን ሳልቀብራት ነው የቀረሁት፤ ወልጄ ተኝቼ ነበር፣ የወለድኩትም አልቆየልኝ። የሷ ፊት ያለው እነዚህ ላይ ነው። ጣቢታ ስትስቅ ጥርሷን አይተሽዋል? የፀሐይ ጥርስ ነው። እኔስ ሰው አይደለሁም?»

ይህች ሴት ሌባ ብትሆን ኖሮ ለደመቀች ምንኛ በቀለላት። የፀሐይን ጥርስ ደመቀች አይታ አታውቅም፤ የጣቢታ ጥርስ ግን ሲበቅል ትኩሳቱን እያባበለች ያደረችው እሷ ናት። ይህን ልትል ፈለገች፤ ግን ልጆቹ ሹካቸውን አቁመው እያዩዋት ስለነበር ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች።

ብርሃነሽ ዓይኗን ጠርጋ፣ ቤቱ ውስጥ የረጋውን ነገር ልትበትን ፈልጋ ይመስላል፣ ፍራሹ ላይ የተጣለውን መጽሐፍ አነሳችው። «ውይ፣ ይሄ አሁንም አለ? ኑ እስቲ፣ እኔ ላንብብላችሁ» አለች። ስታመጣላቸው ገልጣ ያላየችው መጽሐፍ ነው፤ ከካርቶን ውስጥ ያማረውን መርጣ ነበር። ጣቢታ ዘላ ጭኗ ላይ ወጣች። አዶናይ ባለበት ቀረ። ብርሃነሽ የአስተማሪ ድምፅዋን አውጥታ እያነበበች ትተረጉምላት ጀመር። ንጉሥ ነበረ። አራት ልጆች ነበሩት። ሚስቱ ሞተችበት። «ከዚያ ንጉሡ ሌላ ሚስት…» ብላ ቆመች። ዓይኗ በገጹ ላይ ቀድሟት ሮጠ፤ ፊቷ ቀስ እያለ ቀላ።

«ሌላ ሚስት ምን?» አለች ጣቢታ።

«ሌላ ሚስት… አገባ።» መጽሐፉን ልትዘጋው ነበር፤ ጣቢታ ግን አረንጓዴ ቀሚስ ያላት ሴት ያለችበትን ገጽ ገለጠችባት። «እቺ እናታቸው ናት። ሰዎቹ ሊወስዱባት ሲመጡ ወፍ ታደርጋቸዋለች። እዚህ ጋ ማማሰያ ያስፈልጋል» አለች በኩራት።

ብርሃነሽ ጋሽ ካሳሁንን አየች። ጋሽ ካሳሁን ጣሪያውን አዩ። ዝናቡም እንደ ተማከረ ቀጥ ብሎ ነበር።

«እናታቸው አይደለችም» አለ አዶናይ ከጥግ። «እንጀራ እናታቸው ናት። ቀንታ ነው ወፍ ያደረገቻቸው። ዘጠኝ መቶ ዓመት ወፍ ሆነው ይቀራሉ። ወደ ቤታቸው አይመለሱም።»

ደመቀች የያዘችው ሳህን ውስጥ ያለው ውሃ እግሯ ላይ ፈሰሰ። ልጁን አየችው። ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ቁመቱ አጭር ነው፤ የአባቱ ግንባር አለው። «ማን ነገረህ?»

«ሚስ። ከፋሲካ በኋላ ትምህርት ሲከፈት መጽሐፉን ክፍል ወስጄው ነበር፤ አነበበችልን።»

«እና እያወቅህ ነው ዝም ያልከኝ? ይህን ሁሉ ማታ?»

አዶናይ ትከሻውን ሰበቀ። «ያንቺ ይሻላል» አለ። ከዚያ ፊቱ ተበላሸና ወደ ግድግዳው ዞረ።

«እንጀራ እናት ምንድን ናት?» አለች ጣቢታ። አክስቷን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ ደመቀችን አየች። ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚሠሩት ሥራ አገኙ፤ ጋሽ ካሳሁን ኮታቸውን መልበስ፣ ብርሃነሽ ፌስታሉን መቋጠር፣ ደመቀች ወለሉን መጥረግ። ልጅቱ ጠይቃ ስትሰለች መጽሐፉን አቅፋ ወደ ምድጃው ሄደች። እዚያ ምን ስታደርግ እንደቆየች ያስተዋለ የለም።

ሲወጡ አሲያ ሱቋን ለባሏ ለከሊፋ ትታ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። ለልጆቹ ብስኩትና ሁለት ጁስ በእጃቸው አስያዘቻቸው። ለብርሃነሽ ሰላምታ ሰጠች፤ ለጋሽ ካሳሁን ግን «አንቱ ሽማግሌ ነዎት፤ አላህ ያሳይዎት» ብላ ፊቷን አዞረች። ይህ ርግማን ይሁን ምርቃት ጋሽ ካሳሁን መለየት አልቻሉም፤ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው አለፉ። ደመቀች የጣቢታን እጅ ይዛ በጭቃው መሐል ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠች ወደ መናኸሪያው ወረደች። ትንሿ እጅ ትሞቃለች፤ ብስኩት ብስኩት ትላለች። ደመቀች ድምጿን አውጥታ ብትጮህ መንገደኛው ሁሉ ይቆምላት ነበር፤ ልጆቹ ግን ይፈሩ ነበር፤ ስለዚህ «ጫማሽን፣ ጫማሽን እዪ፣ ውሃ አለ» እያለች ሄደች።

መናኸሪያው እንደ ቅዳሜነቱ ነው። ከዳር በጆንያ ላይ ሸክላ፣ ሰፌድ፣ ወንፊት፣ የእንጨት ማንኪያ የዘረጉ ሴቶች ላስቲካቸውን ከዕቃቸው ላይ እየገፈፉ ነው። «አየር ጤና! አየር ጤና ያለ! ሦስት ሰው!» ይላል ረዳቱ። ጋሽ ካሳሁን ፌስታሉን ከወንበር ሥር አስገቡ። ብርሃነሽ ገባች፤ አዶናይ ገባ፤ ደመቀችን ሳማት፤ ፊቱን አንገቷ ውስጥ ቀብሮ ትንሽ ቆየ፤ ምንም አላለም። ደመቀች ጣቢታን አንስታ ከበሩ ጠርዝ ባለችው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«ከአየር ጤና ቀጥሎ አየርላንድ ነው፣ አይደል?» አለች ጣቢታ።

«አዎ የኔ እናት።»

ልጅቱ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዚፑን ከፈተች። መጽሐፉን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና ከሥሩ አንድ ነገር ጎትታ አወጣች። ማማሰያው ነበር። ጫፉ ላይ የምሳው ድልህ እንኳን አልታጠበም።

«ረስተሽው ነበር» አለች። «ደብቄ አመጣሁልሽ። በይ እማዬ፣ ቶሎ ንኪን፣ በሩን ሳይዘጋው።»

ብርሃነሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከኋላ ወንበር ያለ ሰውዬ ሳቀ፤ ከዚያ የደመቀችን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ደመቀች ማማሰያውን ተቀበለች። ጣቢታ ዓይኗን ጨፈነች፤ አጥብቃ፣ አፍንጫዋ እስኪሸበሸብ፤ ሁለት እጇን ከጎኗ ዘርግታ አዘጋጀች። አዶናይ እህቱን አየ። ዘጠኝ መቶ ዓመቱንም፣ የማይመለሱትንም፣ ሁሉንም የሚያውቀው አዶናይ፣ እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ደመቀች መጀመሪያ እሱን ነካችው፣ ቀጥሎ እሷን፤ ቀስ ብላ፣ ፀጉሯን እንዳታቆሽሽባት።

ጣቢታ ትንሽ ጠበቀች። አንድ ዓይኗን ከፈተች። የተዘረጋ እጇን አየች፤ ጣቶቿን አየች፤ ከዚያ ደመቀችን አየች።

«ደግመሽ» አለች። «በደንብ አልነካሽኝም።»

ረዳቱ በሩን ጎትቶ ዘጋው። ሚኒባሱ ጭቃውን ረጭቶ ወደ አስፋልቱ ወጣ። በኋላው መስታወት ላይ ለጥቂት ጊዜ ትንሽ እጅ ከፍ ዝቅ ሲል ይታይ ነበር፤ ለመሰናበት ይሁን ለመብረር፣ ደመቀች አልለየችም። ጋሽ ካሳሁን ትከሻዋን ነካ አድርገው «ጌታ ያጽናሽ» አሉና ሄዱ። እሷ ሸክላና ወንፊት ከዘረጉት ሴቶች መሐል፣ ማማሰያውን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ቆማ ቀረች። ዝናቡ እንደገና ማካፋት ጀመረ። ቅርጫት ያንጠለጠለች አንዲት ገበያተኛ አጠገቧ መጥታ ቆመች።

«ኩን ሜቃ?» አለች በኦሮምኛ፤ ማማሰያውን በአገጯ እያመለከተች። መልስ ስታጣ ወደ አማርኛ ዞረች። «እህቴ፣ ማማሰያው ስንት ነው?»

ደመቀች ማማሰያውን አየችው። ጫፉ ላይ ከድልሁ ጋር አንዲት ቀጭን ፀጉር ተጣብቃለች።

«አይሸጥም» አለች።